ያልተመለሰው አብራሪ፦ የጄሲ ብራውን አጭር ሕይወት

ዲሴምበር 4 ቀን 1950 ከቀትር በኋላ አንድ አሜሪካዊ የባህር ኃይል አብራሪ ምንም ያልተነካ አውሮፕላኑን በሰሜን ኮሪያ ተራሮች መካከል፣ ጎማውን ሳያወጣ፣ ሆን ብሎ በበረዶ ላይ በሆዱ አሳረፈው። ይህን ያደረገው በአቅራቢያው በወደቀ ሌላ አውሮፕላን ውስጥ እግሩ ተይዞ የቀረ ባልደረባውን ለማውጣት ነበር። የወረደው ሰው ቶማስ ሃድነር ይባላል። ነጭ ነው፤ በማሳቹሴትስ የግሮሰሪ መደብሮች የነበሩት የደህና ቤተሰብ ልጅ። በወደቀው አውሮፕላን ውስጥ የተያዘው ደግሞ ጄሲ ሊሮይ ብራውን ነው። ጥቁር ነው፤ በሚሲሲፒ የእኩል አራሽ ልጅ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚያ ቀን የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ ስለ ወረደው ሰው ነው። ሜዳልያውን ያገኘው፣ ዕድሜ ጠግቦ የኖረውና ታሪኩን በአንደበቱ የተናገረው እሱ ስለሆነ ይህ አያስገርምም። ሃድነር የሠራው ሥራም ውዳሴ የሚበዛበት አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀራል። በዚያ ዘመን፣ በትውልድ አገሩ አውቶቡስ ላይ ከነጭ ጎን መቀመጥ በሕግ የተከለከለ ጥቁር ሰው፣ አንድ ነጭ መኮንን ሕይወቱንም ሥራውንም አሲዞ የሚወርድለት ባልደረባ ለመሆን እንዴት በቃ? መልሱ በበረዶው ላይ ካለፈችው አጭር ጊዜ ውስጥ አይገኝም። ከዚያ በፊት ባለፉት ሃያ አራት ዓመታት ውስጥ ነው ያለው።

የእኩል አራሹ ልጅ

ጄሲ ብራውን ኦክቶበር 13 ቀን 1926 በደቡባዊቷ የሚሲሲፒ ግዛት፣ በሃቲስበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ብራውን የግሮሰሪ መጋዘን ሠራተኛ የነበረ ሲሆን በኋላ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ገበሬ ሆነ። እናቱ ጁሊያ መምህርት ነበረች። ስድስት ልጆች ያደጉበት የገጠር ቤት የቧንቧ ውኃም ሆነ ማሞቂያ አልነበረውም። ልጆቹ ጥጥና በቆሎ እየሠሩ ያድጋሉ፤ ትምህርት ቤት ለመድረስ ደግሞ ማልደው ተነስተው በእግር ይጓዛሉ። እናትየው ግን መምህርት ናትና በቤቷ ውስጥ በአንድ ነገር አትደራደርም፤ ንባብና ጥናት ለነገ አይባልም።

ጄሲ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ የአየር ትርዒት ሊያሳየው ይወስደዋል። ከዚያች ቀን በኋላ የልጁ ዓይን ከሰማይ አልወረደም። ከሚሠራበት እርሻ ራቅ ብሎ የአፈር ማኮብኮቢያ ያላት አነስተኛ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረች። እዚያ እየሄደ አውሮፕላኖቹን ቆሞ ያያል፤ መካኒኩም ያባርረዋል። ተባሮ ይሄድና በሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል።

ትንሽ ከፍ ሲል ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ በማደል ሥራ ጀመረ። ጥቁሮችም አውሮፕላን ማብረር እንደሚችሉ፣ ያበረሩም እንዳሉ ያወቀው በዚያ ነው። ስለ ቤሲ ኮልማን፣ ስለ ዩጂን ቡላርድ፣ ስለ አልፍሬድ አንደርሰን አነበበ። እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ የሚሆን አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። ኩሪየር በ1935 እና 1936 የጣልያንን ወረራ ከማንም በላይ ቀርበው ከተከታተሉት የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች አንዱ ሲሆን፣ የራሱን ዘጋቢም ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። የዚያ ዘመን የጋዜጦቹ ጀግና የኢትዮጵያን የአየር ኃይል ለመምራት ባህር ተሻግሮ የመጣው ጆን ሮቢንሰን ነው። ሮቢንሰን ያደገው ከሃቲስበርግ በስተደቡብ በምትገኘው በሚሲሲፒዋ ጋልፍፖርት ከተማ ነበር። ቡናማው አሞራ የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ይህ ሰው በ1954 እዚሁ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት ሕይወቱ አልፏል። ሚሲሲፒ ለጥቁር ልጆቿ ከጥጥ ማሳ በቀር ብዙ ያልሰጠች ግዛት ናት። ሆኖም ሁለት አብራሪዎችን ለሁለት የሩቅ ጦርነቶች አበርክታለች።

ደብዳቤ ለፕሬዚዳንቱ

በ1937 አንድ የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ደብዳቤ ጻፈ። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ነበር። ጥቁሮች በጦር ሠራዊቱ የአየር ክፍል አብራሪ እንዳይሆኑ የሚከለከሉት ለምንድን ነው? የልጁ ስም ጄሲ ብራውን ይባላል። ከዋይት ሃውስ መልስ መጣለት። መልሱ አስተያየቱን በአክብሮት እንደተቀበሉት የሚገልጽ ነበር። ተስፋ የሚሰጥ ቃል አልነበረበትም። ለአንድ የእኩል አራሽ ልጅ ግን ከዚያ ቤት ወረቀት መምጣቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የተከታተለው አክስቱ ቤት ተቀምጦ፣ በሃቲስበርግ የጥቁሮች ትምህርት ቤት በዩሪካ ነው። በስፖርትም በትምህርትም የታወቀ ተማሪ ነበር። በ1944 ሲመረቅ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣ። የሚያውቁት ሁሉ ለጥቁሮች ከተቋቋሙት ኮሌጆች ወደ አንዱ እንዲሄድ መከሩት። እሱ ግን የስም ሞክሼውና አርአያው የሆነው የኦሎምፒክ ጀግና ጄሲ ኦውንስ ወደ ተማረበት ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አቀና። አብዛኞቹ ተማሪዎች ነጮች ናቸው። የመምህራኑና የሰፈሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ሸኙት።

በኦሃዮ የሥነ ሕንፃ ምህንድስና እያጠና ማታ ማታ በባቡር ጣቢያ ዕቃ ይጭን ነበር። ሥራው ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። ጠዋት ደግሞ ክፍል መግባት አለ። በዚህ መሀል የዩኒቨርሲቲውን የአቪዬሽን መርሐ ግብር ለመግባት ደጋግሞ አመልክቶ በቀለሙ ምክንያት በሩ ተዘጋበት። በ1946 የባህር ኃይሉ የተጠባባቂ አብራሪዎች ማሠልጠኛ ማስታወቂያ ሲያይ ሄደ። የባህር ኃይሉ ሰዎችም ጥቁር ሆኖ እስከ መጨረሻው አይዘልቅም ብለው ሊያስቆርጡት ሞከሩ። ፈተናውን ተፈተነ፤ በጥሩ ውጤት አለፈ። ከዚያ በኋላ በወር 50 ዶላር ስለተቆረጠለት የሌሊቱን ጭነት ትቶ ለትምህርቱ ጊዜ አገኘ። በ1947 በመላው አሜሪካ በባህር ኃይሉ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ውስጥ ከነበሩት 5 ሺህ 600 ተማሪዎች መካከል ጥቁሮቹ 14 ብቻ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ብራውን ነው።

ክንፍ ማግኘት

ሥልጠናው በኢሊኖይ ግዛት በግሌንቪው ተጀምሮ፣ በአዮዋ በኦተምዋ አልፎ፣ በፍሎሪዳ በፔንሳኮላ ነበር የሚቀጥለው። ሰሜኑ ላይ ከጠበቀው የተሻለ ነገር ገጠመው፤ አብረውት የሚማሩት ብዙዎቹ በሰላም ተቀበሉት። ፔንሳኮላ ግን ደቡብ ናት። ጂም ክሮው የተባሉት የዘር መለያ ሕጎች ከጦር ሰፈሩ አጥር ውጭ በሙሉ ኃይላቸው ይሠራሉ። በአጥሩ ውስጥም ቢሆን የሚያገሉት አልጠፉም። ብራውን ከማንም ጋር ጠብ አልገጠመም። ስድቡን የሰማ አይመስልም፤ በማግስቱ ለበረራ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ይህ ትዕግሥት ፍርሃት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አንድ ጥቁር ዕጩ አንዲት ጡጫ ቢሰነዝር መዝገቡ የሚዘጋው በእሱ ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከኋላው በሚመጡት ሁሉ ላይ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

አንድ ሕግ ግን ጥሷል። በዚያን ጊዜ ዕጩ አብራሪዎች ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ማግባት አይፈቀድላቸውም፤ ያገባ ይባረራል። ብራውን በኦክቶበር 1947 የልጅነት ፍቅረኛውን ዴዚ ፐርል ኒክስን በድብቅ አገባ። እሱ በሰፈሩ ውስጥ፣ እሷ ከተማ ውስጥ በተከራየችው ክፍል እየኖሩ ምሥጢሩን ለአንድ ዓመት ያህል ይዘው ቆዩ። ለሕልሙ ሲል ብዙ ነገር የቻለ ሰው፣ ለሚስቱ ሲል ሕልሙን ለአደጋ አጋለጠ ማለት ነው።

ጁላይ 26 ቀን 1948 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በጦር ኃይሉ ውስጥ የእኩልነት አያያዝ እንዲኖር የሚያዝዘውን ታሪካዊ ትእዛዝ ፈረሙ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1948፣ ብራውን የወርቅ ክንፉን ደረቱ ላይ አጠለቀ። በአሜሪካ የባህር ኃይል መደበኛ የበረራ ሥልጠና ያጠናቀቀ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ዜናው በመላው አገሪቱ በጋዜጦች ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሴት ልጅ ወለደ። በኤፕሪል 1949 ደግሞ ኤንሳይን የተባለውን የመጀመሪያውን የባህር ኃይል መኮንንነት ማዕረግ አገኘ።

በመርከቧ ላይ

ብራውን የተመደበው በ32ኛው የተዋጊ አውሮፕላኖች ስኳድሮን ሲሆን፣ ስኳድሮኑ የሚነሳው ሌይቴ ከተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ነበር። ከ270 ሜትር ያላነሰ ርዝመት ያላት መርከብ ከሩቅ ስትታይ ከተማ ትመስላለች። ከሰማይ ሆኖ ሊያርፍባት ለሚመጣ አብራሪ ግን የክብሪት እንጨት ያህል ናት። መርከቧ ትሄዳለች፤ ማዕበሉ ከፍና ዝቅ ያደርጋታል። አብራሪው በአውሮፕላኑ ጅራት ሥር ባለው መንጠቆ ወለሉ ላይ ከተዘረጉት የብረት ገመዶች አንዱን መያዝ አለበት። ካልያዘ ከፊት ለፊቱ ሌሎች አውሮፕላኖች ወይም ባህሩ ይጠብቁታል።

የሚያበሩት አውሮፕላን ኮርሴር ይባላል። ክንፉ እንደ አሞራ ክንፍ የታጠፈ፣ ከ2 ሺህ የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ሞተር የተሸከመ፣ ስድስት መትረየስ የታጠቀ ነው። አፍንጫው በጣም ረጅም ስለሆነ አብራሪው ሊያርፍ ሲል የመርከቧ ወለል ከፊቱ ይሰወርበታል። የሚተማመነው በመርከቧ ጠርዝ ቆሞ በሁለት እጁ ምልክት በሚሰጠው መኮንን ላይ ነው። አዳዲስ መኮንኖችን ስለሚገድል ጀማሪ ጨራሽ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ቀለም ቦታ የለውም። ወይ ታርፋለህ ወይ አታርፍም። ብራውን በሥራው የተመሰገነ ሆኖ የበረራ ቡድን መሪ ተደረገ።

ሃድነር ወደ ስኳድሮኑ የመጣው በ1949 መጨረሻ ነው። በአናፖሊስ የባህር ኃይል አካዳሚ የተማረ፣ በማዕረግም ከብራውን ከፍ ያለ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ብራውን ሰላምታ የሰጠው ራሱን ነቅንቆ ብቻ ነው። ነጭ መኮንን በሌሎች ፊት ጥቁር መጨበጥ ያሳፍረው ይሆናል ብሎ እጁን አልዘረጋም። ሃድነር ክፍሉን አቋርጦ ሄደና እጁን ዘረጋለት። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ግንኙነት የሥራ ሰዎች ግንኙነት ነበር። በበረራ ልምድ ብራውን ይበልጣልና፣ በአየር ላይ ሃድነር ከኋላው የሚከተለው፣ ጀርባውን የሚጠብቅለት አጃቢ ነው። መሬት ላይ ሰላምታ የሚሰጠው የበታቹ፣ ሰማይ ላይ መሪው ሆነ ማለት ነው።

ቾሲን

ጁን 25 ቀን 1950 የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ ሌይቴ በሜዲትራኒያን ባህር ላይ ነበረች። ወደ አሜሪካ ተመልሳ፣ ስንቅና ትጥቋን አሟልታ በኦክቶበር 1950 ኮሪያ አጠገብ ደረሰች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ብራውን 20 ጊዜ ለውጊያ በረረ። በኖቬምበር የመርከቧ አውሮፕላኖች ኮሪያንና ቻይናን በሚለየው በያሉ ወንዝ ላይ ያሉትን ድልድዮች ከደበደቡት መካከል ነበሩ።

የኖቬምበር መጨረሻ ላይ ጦርነቱ መልኩን ለወጠ። ወደ ሰሜን ዘልቀው የገቡት 30 ሺህ ያህል የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ቾሲን በተባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ በ120 ሺህ ገደማ የቻይና ወታደሮች ተከበቡ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚወርድበት ተራራ ነው። የጠመንጃ ዘይት ይረጋል፤ የሐኪም መድኃኒት ይቀዘቅዛል፤ የቆሰለ ሰው ከጥይቱ ይልቅ ብርዱ ይገድለዋል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ የነበረው የ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ኃይል ተበታተነ። ከተመቱት መካከል ከ32ኛው ሬጅመንት አንድ ሻለቃ ይገኝበታል፤ የዚህን ክፍል ስም ቆየት ብለን እናነሳዋለን። ከሐይቁ በስተምዕራብ ያሉት ማሪኖች ደግሞ በአንዲት ጠባብ የተራራ መንገድ እየተዋጉ ወደ ባህር ለመውጣት ይታገላሉ። ለእነዚህ ሰዎች ከላይ የሚሰማው የኮርሴር ድምፅ በሕይወት የመውጣት ተስፋ ነበር። በዚያ ሰሞን ከመርከቦቹ የሚነሱት አብራሪዎች እምብዛም አልተኙም። ብራውንም ዲሴምበር 3 ማታ በመርከቧ ክፍሉ ተቀምጦ ለዴዚ ደብዳቤ ጻፈ።

በማግስቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ስድስት ኮርሴሮች ከሌይቴ ተነሱ። ተግባራቸው በሐይቁ አካባቢ ዝቅ ብለው እየበረሩ ጠላት መፈለግና መምታት ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ከበረሩ በኋላ ከባልደረቦቹ አንዱ ከብራውን አውሮፕላን ነዳጅ እየፈሰሰ መሆኑን አይቶ በራዲዮ ነገረው። በበረዶው ውስጥ ከተደበቁ ወታደሮች የተተኮሰ የእጅ መሣሪያ ጥይት ሳይመታው አልቀረም። ሞተሩ ጉልበት አጣ። በጃንጥላ ለመዝለል ከፍታው አይበቃም፤ ወደ ባህሩ ለመመለስም አይቻልም። ብራውን ሮኬቶቹንና ተጨማሪ የነዳጅ ታንኩን ጥሎ፣ በተራሮች የተከበበች አንዲት በበረዶ የተሸፈነች ገላጣ ሥፍራ መርጦ ወረደ። አውሮፕላኑ ሲመታ አፍንጫው ተገነጠለ፤ አካሉም ታጠፈ።

ከላይ የሚዞሩት ባልደረቦቹ የሞተ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ክዳኑ ተከፈተና እጁን ሲያወዛውዝ አዩት። ግን አይወጣም። ጭስ መታየት ጀመረ።

በበረዶው ላይ

ሃድነር ማንንም ሳያስፈቅድ ወረደ። ማሪኖቹ በስተደቡብ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ነው ያሉት፤ ሥፍራው የጠላት ነው። ሮጦ ሲደርስ የብራውን ቀኝ እግር በታጠፈው የአውሮፕላን አካልና በመሣሪያ ሰሌዳው መካከል ተቀርቅሮ አገኘው። ብራውን የራስ ቁሩንና ጓንቱን አውልቆ ስለነበር ጣቶቹ ደርቀዋል። ሃድነር የሱፍ ቆብ አጠለቀለት፤ እጆቹን በአንገት ልብስ ጠቀለለለት። ወደ ሞተሩ ሄዶ በእጁ በረዶ እየዛቀ ጭሱ ላይ ከመረ። ደጋግሞ ሊጎትተው ሞከረ። አልሆነም። ወደ ራሱ አውሮፕላን ተመልሶ በራዲዮ ሄሊኮፕተሩ መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ይዞ እንዲመጣ አሳሰበ።

የማሪኑ አብራሪ ሌተናንት ቻርልስ ዋርድ በትንሿ ሄሊኮፕተሩ ደረሰ። ሁለቱ ሰዎች ለሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ታገሉ። የእሳት ማጥፊያው ምንም አልፈየደም፤ መጥረቢያው ብረቱ ላይ እየነጠረ ተመለሰ። ብራውን አልጮኸም፤ አላማረረም። ሊያወጡት እንዳልቻሉ ሲያይ እግሩን ቆርጠው እንዲያወጡት ራሱ ሐሳብ አቀረበ። የነበራቸው አንዲት ቢላዋ ብቻ ነች። ከዚያ በኋላ ንቃቱ እየደከመ ሄደ። ለሃድነር የተወለት የመጨረሻ አደራ ለዴዚ እንደሚወዳት እንዲነግርለት ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሄሊኮፕተሩ በእነዚያ ተራሮች መካከል በጨለማ መብረር አይችልም። ዋርድ ለሃድነር አንድ ምርጫ እንዳለ ነገረው። መሄድ፤ አለበለዚያ ሌሊቱን እዚያው ከርሞ መሞት። ብራውን በዚያን ጊዜ ራሱን ስቷል፤ ምናልባትም አልፏል። ሃድነር ተመልሰው እንደሚመጡ ለብራውን ነግሮት ወደ ሄሊኮፕተሩ ሄደ።

ከዚያ በኋላ

ሃድነር ወደ መርከቡ ሲመለስ አስከሬኑን ለማምጣት እንዲፈቀድለት ጠየቀ። የሌይቴ አዛዥ ተጨማሪ ሰው ማጣት አልፈለገም፤ አልፈቀደም። ጠላት በአስከሬኑ እንዳይጫወት በሚል ከጥቂት ቀናት በኋላ የስኳድሮኑ አውሮፕላኖች ወደዚያች ገላጣ ሥፍራ ተላኩ። ባልደረቦቹ ናፓልም ጥለው አውሮፕላኑን ከነባለቤቱ አቃጠሉት። በራዲዮው ላይ አባታችን ሆይ የሚለው ጸሎት ሲደገም ተሰማ። የጄሲ ብራውን ቀብር ይህ ነበር። የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር። በኮሪያ ጦርነት የሞተ የመጀመሪያው ጥቁር የባህር ኃይል መኮንንም ሆነ።

ከሞቱ በኋላ የክብር ኒሻኖች ተሰጡት። ኤፕሪል 13 ቀን 1951 ፕሬዚዳንት ትሩማን ለሃድነር የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳልያ ሲያጠልቁለት ዴዚ በሥፍራው ነበረች። ሃድነር የትውልድ ከተማው ሕዝብ በስጦታ ያዋጣለትን ገንዘብ ለእሷ ሰጣት። በዚያም ገንዘብ እየታገዘች ኮሌጅ ገብታ መምህርት ሆነች። እስክትሞት፣ እስከ 2014፣ የሁለቱ ወዳጅነት አልተቋረጠም። በፌብሩዋሪ 1973 በብራውን ስም የተሰየመች የጦር መርከብ በቦስተን አገልግሎት ስትጀምር ዴዚ፣ የብራውን ልጅና ሃድነር አብረው ተገኝተዋል። ለመርከቧ የተናገረላትም ሃድነር ነበር።

ብራውን ያወረሰው ነገር በመርከብ ስም አያበቃም። በ1950 ባህር ኃይሉን የተቀላቀለው ፍራንክ ፒተርሰን የተባለ ወጣት ስለ ብራውን ሞት ሲሰማ ለአብራሪነት ለማመልከት ተነሳሳ። በ1952 የመጀመሪያው ጥቁር የማሪን አብራሪ ሆነ፤ በኋላም እስከ ሌተናንት ጄኔራልነት ደረሰ። በፔንሳኮላ ስድብ የዋጠው ልጅ በሩን ከፍቶ የሄደው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

አስከሬንና አደራ

የብራውን ታሪክ እኛን የሚነካው በአንድ ነገር ብቻ አይደለም። እሱ ከሞተ ከአምስት ወር በኋላ፣ በሜይ 1951 (በ1943 ዓ.ም.)፣ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ቡሳን ወደብ ደረሰ። የተመደበውም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ነው። ከላይ ስሙን አንስተን የተውነው ይህ ነው። ቾሲን ላይ አንድ ሻለቃው የተበተነበት፣ ከሌይቴና ከሌሎች መርከቦች የተነሱ ኮርሴሮች ሊያድኑት የሞከሩት ክፍል ነው ኢትዮጵያውያኑን ከጎኑ ያሰለፈው።

የቃኘው ወታደሮች ከኮሪያ ይዘውት የመጡት ስም የሚታወቅ ነው። ከ120 በላይ ሰዎች ሲሞቱባቸው 536 ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አልነበረም። ሙታናቸውንም ለጠላት አልተዉም። አስከሬናቸው ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። በእኛ ባህል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሞተን ሰው በወግ አልቅሶ፣ በአገሩ አፈር መቅበር የሕያዋን ዕዳ ነው። ቤተሰቡ መቃብሩን ካላየ ሐዘኑ አይወጣለትም። ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ዴዚ ብራውን ለ64 ዓመታት የተሸከመችው ነገር ምን እንደሆነ ለማንም ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሃድነርም ያንን ዕዳ ረስቶት አያውቅም። በጁላይ 2013፣ በ88 ዓመቱ፣ ወደ ሰሜን ኮሪያ ሄደ። ዓላማው አንድ ነበር፤ ተመልሰን እንመጣለን ያለውን ሰው አጥንት ፈልጎ ማምጣት። ፒዮንግያንግ ደርሶ ባለሥልጣናቱን አነጋገረ። የክረምቱ ዝናብ መንገዶቹን አበላሽቶ ስለነበር ወቅቱ ሲሻሻል ተመልሶ እንዲመጣ ተነገረው። ዳግመኛ አልሄደም። ኖቬምበር 13 ቀን 2017 በ93 ዓመቱ አረፈ። በ2018 በቦስተን አገልግሎት የጀመረች አጥፊ መርከብ ስሙን ይዛለች።

ከኮሪያ ጦርነት ጠፍተው አስከሬናቸው ያልተገኘ አሜሪካውያን ከ7 ሺህ በላይ ናቸው። ብራውን አንዱ ነው። በ2022 ስለ ሁለቱ ሰዎች የተሠራው ዲቮሽን የተባለ ፊልም ስሙን ለአዲስ ትውልድ አስተዋውቋል። በሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ሰው የሚያለቅሰው በበረዶው ላይ ባለው ትዕይንት ነው፤ ያም ተገቢ ነው።

ነገር ግን በመጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። ሃድነር ለምን ወረደ? ብዙ ጊዜ ተጠይቆ የሰጠው መልስ በአጭሩ ብራውንም ቢሆን ለእሱ ያንኑ ያደርግ ነበር የሚል ነው። ይህ መልስ ትሕትና ብቻ አይደለም። ስለ ብራውን የተሰጠ ምስክርነትም ጭምር ነው። አንድ ሰው እንዲህ እንዲታመን በየቀኑ በሰዓቱ መገኘት፣ አውሮፕላኑን በትክክል ማሳረፍ፣ የሰውን ጀርባ መጠበቅ አለበት። ብራውን ይህን ሲያደርግ የኖረው መብቱን ሙሉ ለሙሉ ላልሰጠችው አገር ነው። በ1937 ለፕሬዚዳንቱ የጻፈው ልጅ ጥያቄ ሙሉ መልስ ያገኘው በወረቀት አልነበረም። ከመሞቱ በፊት ጎኑ ተንበርክኮ በባዶ እጁ በረዶ የሚዝቅለት ሰው ሲያይ ነው ያገኘው ቢባል ብዙ አልተሳሳትንም። የቀረው ዕዳ የመቃብሩ ነው፤ እሱም እስካሁን አልተከፈለም።